ጤና አዳምም ያቃጥላል፦ የጓሮ ቅመም ከመቁረጥ እስከ ድስት

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የጓሯችንን ጤና አዳም ልከረክም ተነሳሁ። ክረምቱ አሳድጎት አጥሩን ሊያልፍ ደርሶ ነበር። የደብረ ብርሃን ጥቅምት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ፀሐይዋ ግን ጥርት ያለች ናት። ቀን 6 ሰዓት አካባቢ ነው። ሹራቤን አውልቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ቅርንጫፉን በመቀስ እየቆረጥኩ በእቅፌ አወጣሁት። ጠረኑ ደስ እያለኝ።

ያን ዕለት ምንም አልሆንኩም። በማግስቱ ክንዴ ቀላ፤ ፈጀኝ። በሦስተኛው ቀን ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ ድረስ ሰንበር ሰንበር እየሆነ ውሃ ቋጠረ። ጅራፍ ያረፈበት ይመስል ነበር። ጎረቤታችን አየችኝና "ምች ነው የመታሽ፤ ነይ ዳማከሴና ጤና አዳም አሽቼ ልቀባሽ" አለችኝ። ደግነቷ አንጀቴን በላው። እንኳንም ግን አልተቀባሁ። ጤና ጣቢያ ስሄድ የነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄ "ፀሐይ ላይ ሆነሽ ምን ቅጠል ነክተሻል?" የሚል ነበር። ያቃጠለኝ ራሱ ጤና አዳሙ ነው። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ደረቀ። ቡናማ ምልክቱ ግን እስከ ፋሲካ ክንዴ ላይ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ቅመም የምይዝበትን መንገድ ከሥሩ ቀየርኩ። ይህን የምጽፈው ቅመሞቻችንን እንድትፈሩ አይደለም። በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም ያሳደጉን ናቸው፤ በወጥና በቡና ልክ ሲገቡ ጤነኛ ሰው አይጎዱም። ጉዳት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የማናውቀው ቅጠል አብሯቸው ሲገባ ነው። ወይም ደግሞ የምናውቀውን ቅጠል ምግብነቱን ረስተን እንደ መድኃኒት ስንግተው።

ተክል ሮጦ አያመልጥም። ስለዚህ ትልና ከብት እንዳይጨርሰው በውስጡ የሚመር፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ነገር ይሠራል። የጦስኝ ማቃጠል፣ የበሶብላ ጠረን፣ የጤና አዳም ምሬት ከዚያ የመጣ ነው። በቁንጥር ሲሆን ወጡን ያጣፍጣል፤ በእፍኝ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ጓያን የሚያውቅ የሸዋ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አልፎ አልፎ በልቶት የተጎዳ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በችግር ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል።

1. ቅጠሉን ሳትለዩ አትቁረጡ

ከሁሉም በፊት አስተናግርን እወቁ። አጤ ፋሪስም ይሉታል። የፍግ ክምር ላይ፣ በረት ዳር፣ መንገድ ዳር፣ ድንችና በቆሎ መሃል ይበቅላል። አበባው ጥሩንባ ይመስላል፤ ነጭ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ነው። ፍሬው ዙሪያውን እሾህ ያለው ድቡልቡል ነው። ሲያብብና ሲያፈራ ማንም አይስተውም። አደጋው ገና ቡቃያ ሳለ ነው። ያኔ ለስላሳ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነው፤ ጎመን ወይም አሉማ ልትቀጥፍ የተላከች ልጅ አብራ ልትሰበስበው ትችላለች። ቅጠሉን በጣታችሁ ጨፍልቃችሁ አሽቱት። ጠረኑ ይከብዳል፤ ያስጠላል። ጎመን እንዲህ አይሸትም። (ከነካችሁት በኋላ ዓይናችሁን አትሹ፤ እጃችሁን ታጠቡ።)

በውስጡ ያለው መርዝ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ይባላል። አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ሰውን ያስቀባጥራል። ስሙም ሥራውን ይናገራል፤ "አስተናግር" የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። መቀቀል አያጠፋውም። በ2019 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ካራሞጃ ለእርዳታ በታደለ የተመጣጠነ ዱቄት ውስጥ የዚሁ ዓይነት መርዝ ተገኝቶ ብዙ ሰው ታሟል፤ የሞቱም አሉ። ዱቄት ከሆነ በኋላ በዓይን የሚለየው የለም። መለየት የሚቻለው ዘሩ ዘር ሳለ፣ ቅጠሉም ቅጠል ሳለ ነው።

ጥቁር አዝሙድ ስትገዙ ይህን ሞክሩ። አንድ ማንኪያ ነጭ ሳህን ላይ በትኑ። ብርሃን ያለበት ቦታ፣ መስኮት አጠገብ ይሁን። የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ማዕዘን ማዕዘን አለው፤ አያብረቀርቅም፤ በጥርስ ሲሰበር ጠረኑ አፍንጫ ይሞላል። የአስተናግር ዘር ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ የኩላሊት ቅርጽ አለው፤ ፊቱ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡኒ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በዓይን ለዩ። ጠፍጣፋ ሆኖ የኩላሊት ቅርጽ ያለውን ፍሬ ወደ አፋችሁ አታቅርቡ። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ጠጠርም፣ የማላውቀው አረም ዘርም አግኝቻለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እንስላልንም በጠረኑ እወቁት። ቅጠሉ እንደ ክር የሳሳ ነው፤ ሲታሽ ጣፋጭ ጠረን ይሰጣል። ከእንስላል፣ ከድንብላልና ከካሮት ቤተሰብ ውስጥ በጣም ገዳይ የሆኑ ዘመዶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ግንዱ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፤ ሲታሽ የአይጥ ሽንት የመሰለ መጥፎ ጠረን ያወጣል። ወንዝ ዳር ያያችሁትን "እንስላል መሰለኝ" ብላችሁ አትቅጠፉ። ከጓሯችሁ ወይም ከምታውቁት ሰው ጓሮ ይሁን።

አውጥ ለሚበሉ ደግሞ አንድ ቃል፦ አረንጓዴው ጥሬ ፍሬ ለልጅ አይሰጥም።

2. ስትቆርጡ ሰዓቱንና ቆዳችሁን አስቡ

የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አለው። ይህ ነገር ቆዳ ላይ ብቻውን ሲያርፍ ብዙም አይጎዳም። ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቆዳን ያቃጥላል። ወዲያው ስለማይታይ ሰው ከምን እንደመጣ አያውቅም፤ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው።

የእኛ አገር ደግሞ ከፍታው ይጨምርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ብርዱ ያታልለናል፤ "ፀሐይዋ አትሞቅም" እንላለን። ባትሞቅም ታቃጥላለች።

ስለዚህ ጤና አዳምን ጠዋት ማለዳ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቁረጡ። ለቡና አንድ ቀንበጥ መቀንጠስ ችግር የለውም፤ ጣታችሁን ታጠቡ በቃ። ብዙ የምትቆርጡ ከሆነ ግን ረጅም እጅጌ ልበሱ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። በእቅፍ አትያዙት፤ ቅርጫት ወይም ኩርቱ ፌስታል ውስጥ ጣሉት። ስትጨርሱ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ ከተቻለ የዚያን ቀን ፀሐይ ላይ አትቀመጡ። ለበርበሬ ድለዛ እፍኝ እፍኝ ጤና አዳም የምትቀነጥሱ እናቶች ደግሞ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ሥሩ። ሕፃን በአጠገባችሁ ካለ በቅጠሉ አይጫወት።

ሕፃንን "ከምች ይጠብቀዋል" ብሎ ጤና አዳም ቀብቶ ፀሐይ ማሞቅ የለመድንበት አካባቢ ነው ያለነው። እባካችሁ ይህን ተዉት። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው።

ለጦስኝ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጦስኝ በጣርማ በር፣ በአንኮበርና በመንዝ ደጋ መሬት ላይ ተንጠፍጥፎ ነው የሚበቅለው። ከሥሩ ተነቅሎ ሲመጣ ሣርም፣ አፈርም፣ አጠገቡ የበቀለ ሌላ አረምም ይዞ ይመጣል። በማጭድ ወይም በመቀስ ከላይ ከላይ ሲቆረጥ ግን ንጹሕ ይሆናል፤ ሥሩም ለከርሞ ይተርፋል። ገበያ ላይ ሥር ያለው እስር ካያችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ቀን ጦስኝ የምትሸጥ እናት ዘንድ ጎንበስ ብዬ "እማማ፣ ፈትቼ ልየው?" አልኳት። "ፍቺው ልጄ፤ ምን ደበቅኩ!" አለችኝና ራሷ ፈታችው። ውስጡ ጠጉራም የሆነ ሌላ ቅጠል ሁለት ቦታ ወጣ። እሷም አላየችውም ነበር፤ ለቅማ አወጣችልኝ። መጠየቅ ነውር የለውም።

3. የሚለቀመው ሳይደርቅ ነው

ብዙ ቤት ቅመም የሚለቀመው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ይቀላልና። እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። ግን የደረቀ ቅጠል ሁሉ ተመሳሳይ ነው፤ ተሰባብሯል፣ ቀለሙም ሄዷል። እርጥብ ሳለ ነው ቅርጹ፣ ጠጉሩ፣ ግንዱ የሚታየው።

ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። እስሩን ፍቱና በግንድ በግንዱ አንሱ። በሶብላ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ በጣታችሁ ስታሽከረክሩት ይታወቃችኋል። ናናና ዳማከሴም እንዲሁ ናቸው፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ። ኮሰረትም ለጋው ግንዱ ማዕዘን አለው። ክብ ግንድ ያለው፣ ጠጉራም የሆነ፣ ወይም ሰማያዊና ነጭ ጥቃቅን አበባ የያዘ ነገር ከመጣ ለብቻው አስቀምጡ። የማታውቁት ከሆነ ጣሉት፤ ለከብትም ለዶሮም አትስጡት።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ መርዞች አሉ። ቅመሙ ራሱ አይሠራቸውም፤ በማሳው መሃል የሚበቅሉ አረሞች ናቸው የሚሠሯቸው። ጉበት ይጎዳሉ። በአንድ ቀን አይታይም፤ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሲገባ ነው የሚከፋው። እሳትም መፍላትም አያጠፋቸውም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ወሰን አውጥቷል፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ኦሬጋኖ (ጦስኝ መሰል የውጭ ቅመም) ከ1,000 ማይክሮግራም፣ በአንድ ኪሎ ከሙን ከ400 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ። 1,000 ማይክሮግራም ማለት 1 ሚሊግራም ነው። በአንድ ኪሎ ውስጥ ይህች ቅንጣት ተቆጥራ ነው ዕቃው የሚመለሰው።

ሩቅ አገር አይምሰላችሁ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየታመመ ይሞቱ ነበር። በኋላ ሲመረመር ከተጠረጠሩት ዋናው አጀራቱም የሚባል አረም ሆነ። ከእህሉ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ ማዕድ ላይ ደርሷል። ጠጉራም ነው፤ አበባው እንደ ጥጥ ጉንጉን የተሰበሰበ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ነው። ማሳው በጊዜ ቢታረም፣ እህሉም በደንብ ቢበጠር ኖሮ ብዙ ጉበት ይተርፍ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል። ስለዚህ በጓሯችሁ ቅመም መደብ ላይ አረሙን ሳያብብ ንቀሉ። ዘር ካፈሰሰ የሚቀጥለው ዓመት ሥራችሁ እጥፍ ነው።

4. ማድረቅ

ቅጠል በጥላ ይደርቃል። በርበሬ በፀሐይ ይሰጣል። ሁለቱም ግን መሬት ላይ አይሁኑ፤ ከፍ ያለ አልጋ ወይም ሰሌን ላይ፣ ሳስቶ ተበትኖ፣ ነፋስ እንዲያገኘው አድርጉ። ማታ የደጋው ጤዛ ይመልሰዋልና አስገቡት። ጭጋግ ባለበት ሳምንት አትጀምሩ። እኛ ዘንድ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው።

መድረቁን የምታውቁት ቅጠሉን በመንካት አይደለም፤ ግንዱን እጠፉት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተጣጠፈ ገና ነው።

በደንብ ያልደረቀ ነገር ፌስታል ውስጥ ሲታሰር ይሻግታል። ሻጋታው ደግሞ የራሱ መርዝ አለው፤ አፍላቶክሲን ይባላል፤ ጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል። በተለይ በርበሬ ላይ ይወዳል። ለዚህ ነው ከኢትዮጵያ የሚገባ በርበሬና ቅመም በአውሮፓ ድንበር ላይ ተደጋግሞ የሚመረመረው። እዚያ ደረቅ በርበሬ በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም ጠቅላላ አፍላቶክሲን ካለፈ ተቀባይነት የለውም። ማመስ ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ዛላው ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለው "ዘሩን አራግፌ ልፍጨው" አትበሉ፤ ጣሉት። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። በርበሬ ስትገዙ ጥቂት ዛላ ከመሃል እያነሳችሁ ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ የጠቆረ ብዙ አለ። ሻጩ ከከለከላችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።

የደረቀውን በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ማሰሮና ጠርሙስ አስቀምጡ። ስሙንና ወሩን ጻፉበት።

5. ሙቀጫው ሁለት ይሁን

እማዬ ሁለት ሙቀጫ አላት። አንዱ የቅመም ነው። ሌላው አፉ የተሸረፈ፣ ከደጅ የሚቀመጥ ነው፤ ጋቢ ሊታጠብ ሲል እንዶድ የሚወቀጥበት። ትንሽ ሳለሁ አንድ ቀን ተሳስቼ ኮረሪማውን በደጁ ሙቀጫ ልወቅጥ ስል ዘነዘናውን ከእጄ ቀማችኝ። "ልጄ፣ ይሄ ሆድ ይቆርጣል" ብላ ኮረሪማውን ከነልጣጩ ደፋችው። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ልክ ነበረች።

እንዶድ አንጀት ያቆስላል። ጉሎ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው፤ ምጣድ ለማሰስ የሚወቀጠው ጉሎ ከምግብ ሙቀጫ ጋር አይገናኝ፤ ፍሬውም ልጅ የማይደርስበት ይቀመጥ። ብርብራ ዓሣ የሚያደነዝዝ ነው። የባሕል መድኃኒት ሥርም እንዲሁ ለብቻው ይወቀጥ። እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ያስቀራል፤ ማጠብ ብቻውን አያወጣውም። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ፤ የመጀመሪያዋን ጥቂት ዱቄት አታስቀምጡ።

6. መጠን

ለቡና አንድ የጤና አዳም ቀንበጥ፤ ስኒው ውስጥ ነክሮ ማውጣት። ለአይብም፣ ለአዋዜም ትንሹ ይበቃዋል፤ ጠረኑ ራሱ "በቃ" ይላችኋል። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ኮሰረት፣ በሶብላና ጦስኝ ተጠልሎ የሚጣል ስለሆነ ብዙ አያሳስብም። ጦስኝ በሻይ መልክ አንድ ሁለት ስኒ ምንም አይደለም። የጦስኝ ዘይት ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ኪሎ ቅጠል በጠብታ ተጨምቆ ነው። እሱ አይጠጣም።

በሶብላና እንስላል ኤስትራጎል የሚባል ነገር አላቸው። በከፍተኛ መጠን ለአይጦች ሲሰጥ ጉበታቸው ላይ ዕጢ አምጥቷል። በሽሮና በበርበሬ የሚገባው መጠን ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ተረጋግታችሁ ብሉ። በየቀኑ ጠንከር አድርጎ እያፈሉ ለወራት መጠጣት ግን አልመክርም።

ገውዝ ላይ ጠንከር እላለሁ። ለአምስት ኪሎ ቅቤ አንድ ፍሬ መጨመር ሌላ፣ አንድ ፍሬ ፈጭቶ ብቻውን መጠጣት ሌላ። ከ5 ግራም ጀምሮ ሰው ሊመርዝ ይችላል፤ አንድ ሙሉ ፍሬ ይህን ያህል ይመዝናል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያቃዣል፤ ከአንድ ቀን በላይም ሊቆይ ይችላል። ወጣቶች "ያነቃል" ሲሉ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው።

ቀረፋ ሁለት ዓይነት አለ። ወፍራም ልጣጭ ሆኖ አንድ ጊዜ የተጠቀለለው ካሲያ ይባላል፤ ኩማሪን በብዛት አለው፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ስስ ሆኖ እንደ ወረቀት ብዙ ጊዜ የተጠቀለለው የሲሎን ቀረፋ ነው፤ ኩማሪኑ እዚህ ግባ አይባልም። የጀርመን የምግብ አደጋ ገምጋሚ ተቋም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 2 ግራም የካሲያ ዱቄት፣ 15 ኪሎ ለሆነ ልጅ ግማሽ ግራም ብሎ ወስኗል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ከ2 ግራም ያልፋል። ሻይ ውስጥ ስንጥር ጨምሮ ማውጣት ከዚህ በታች ነው። ቀረፋን በማንኪያ ማር ለውሶ "ለስኳር በሽታ" ዕለት ዕለት መዋጥ ግን ለጉበት ይከፋል።

አሪቲ ደግሞ ለጠረን ይብቃ። ቱጆን የሚባል አለው፤ ሲበዛ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

7. ማን ይጠንቀቅ

ነፍሰ ጡር እህቴ ሆይ፣ ጤና አዳምና አሪቲ አፍልተሽ አትጠጪ። ጤና አዳም ማሕፀን ያኮማትራል፤ ድሮም ጽንስ ለማስወረድ የሚጠጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙዎችን ለከባድ ሕመም ዳርጓል። ወጥ ውስጥ የገባች ቅንጣት አታስደንግጥሽ። አብሽም በምግብ መልክ ይሁን፤ በብርጭቆ እየተበጠበጠ አይሁን።

ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ምንም። ሲያለቅስ "ቁርጠት ነው" ተብሎ የጤና አዳም ጭማቂ፣ የአብሽ ውሃ፣ እንስላል በጠብታ ይሰጠዋል። የሚሰጡት እናቶችና አያቶች ከፍቅር የተነሳ ነው፤ እኔም እንዲሁ ተሰጥቶኝ አድጌያለሁ። ሆኖም የጨቅላ ጉበት ይህን መሸከም አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅትም፣ የእኛ ጤና ሚኒስቴርም እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው የሚሉት። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እንስላልን በመድኃኒት መልክ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመክርም። አያት አልሰማ ካሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቡና ላይ ጥሯት፤ "እርስዎ እንዳሳደጉን እናውቃለን፣ ግን..." ብላ ስትጀምር ይሰሟታል።

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ ክኒን የምትወስዱ፣ ጦስኝም ሆነ አብሽ በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ። "ቅጠል ነው" ብላችሁ አትደብቁ። ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተ ጀምሩት።

8. ከተሳሳትን

ቆዳ ከሆነ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ሸፍኑት፤ ለጥቂት ቀን ከፀሐይ አርቁት። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ ሌላ ቅጠል አትቀቡበት። ዓይን ከሆነ ለ15 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብ ነው።

የተዋጠ ከሆነ በጣት አታስመልሱ። ወተት፣ ተልባ ወይም ቅቤ አጠጥታችሁ "እስኪ እንየው" እያላችሁ አትቆዩ፤ የዋጠውን ሰው ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሰውየው መቀባጠር ከጀመረ፣ ብሌኑ ከሰፋ፣ ፊቱ ቀልቶ አፉ ከደረቀ ያበደ ወይም የተለከፈ እንዳይመስላችሁ፤ አስተናግርን ጠርጥሩ። ጠበል የሚሄደው ሐኪም ካየው በኋላ ይሁን። ያንቀላፋ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ምንም አታጉርሱት። ቤት ውስጥ ከአንድ ማዕድ የበላ ሌላ ሰው ካለ፣ ደህና ቢመስልም፣ አብሮ ይሂድ።

ከድስቱ የተረፈውን፣ ከጓሮውም ቅጠሉን ከነግንዱና ከነፍሬው ወረቀት ላይ ጠቅልላችሁ ያዙ። የበላበትን ሰዓት ጻፉ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።